ቀለም ስቆጥር፦ ለጥልፍ የሚሆን ቀለም ጎንደር ውስጥ እንዴት እንደምለቅም

ክር የሚሸጡልኝን ሰውዬ አንድ ጊዜ በማያውቁት ነገር ተጣልቻቸዋለሁ። ለመልስ የሚሆን ቀሚስ ታዝዤ ነበር። ሙሽራዋ ሰማያዊ መስቀል ፈለገች፤ እኔም መስቀሉ ጎልቶ እንዲወጣ ብዬ ዙሪያውን በጥቁር ክር ከበብኩት። ደረቱን ጨርሼ አንስቼ ሳየው ጥቁሩ ጥቁር አልሆነም። የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ክር ነው የሸጡልኝ ብዬ ቀሚሱን በፌስታል አድርጌ በቁጣ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄን ነው ጥቁር ያሉኝ?»

አልተቆጡም። ከዚያው ቱባ የተረፈውን ክር ተቀብለውኝ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። ያንኑ ክር አንስተው ቀሚሱ ላይ፣ ሰማያዊው አጠገብ ሲያደርጉት ዛገ። «ክሩ ምን አደረገሽ ልጄ? ሰማያዊውን ጠይቂው እንጂ» አሉኝ። አፍሬ ወጣሁ።

ይኸው የእኔ ጣጣ ፈረንሳይ አገር ከእኔ በፊት መድረሱን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን የሚባል ሥዕል ያለበት ስጋጃ የሚሸመንበት ጥንታዊ ቤት አለ። ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል የተባለ ኬሚስት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1824 የዚያ ቤት የቀለም ነከራ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ ከቀረቡለት አቤቱታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል ነበር። ክሩን ከሌላ ቦታ ክር ጋር ቢያስተያየው ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ የጎረቤቱ ነበር፤ ጥቁሩ የሚደክመው ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ ጎን ሲሸመን ነው። ግኝቱን በ1839 አሳተመው። በአጭሩ፣ አንድ ቀለም አጠገቡ ያለውን ቀለም ከራሱ አርቆ ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። የሰማያዊ ተቃራኒ ብርቱካናማ ነው፤ የእኔ ጥቁር ዝገት የመሰለው ለዚህ ነው። ጋሼ ሼቭረልን አንብበው አይመስለኝም፤ ዕድሜ ልካቸውን ክር ሲያዩ ኖረው ደረሱበት።

ቀሚሱን ግማሽ ሌሊት ተቀምጬ ተረተርኩት። ጥቁሩን አልተውኩትም፤ በእሱና በሰማያዊው መሐል አንድ ረድፍ ነጭ ስፌት ብቻ አስገባሁ። ጥቁሩ ተመልሶ ጠቆረ።

ከዚያ ወዲህ «ቀለም ከየት ታመጫለሽ?» ስባል መልሴ ተለውጧል። ድሮ ከአበባ፣ ከሰማይ እል ነበር። አሁን ግን ቀለሙን ትቼ የማየው ከማን ጎን፣ ስንት ሆኖ እንደተቀመጠ ነው። አማርኛችን መማርን «ቀለም መቁጠር» ይለዋል፤ እኔ ቃል በቃል ተቀምጬ እቆጥራለሁ።

ቆጠራውን የጀመርኩት ፋሲል ግቢ ነው። ጎንደር ተወልዶ ማደግ አንድ ጉዳት አለው፤ ግንቡን አታዩትም። እንግዳ ካልመጣ ማን ገብቶ ያያል? አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛ «የጎንደር ቀለም ያለው የትከሻ ቦርሳ ሥሪልኝ» ስትለኝ፣ የጎንደር ቀለም ምን እንደሆነ ሳላውቅ እሺ አልኩ። በማግስቱ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ገባሁ።

ሰው ሁሉ ግንቡን ግራጫ ይለዋል። የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆማችሁ ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። ድንጋዩ ባዛልት ነው፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ ጥቁር ሆኖ አንዳንዱ በደንብ የተቆላ ቡና፣ አንዳንዱ ገና ማመስ የጀመረ ቡና ይመስላል። በየድንጋዩ መሐል ያለው ኖራ ያረጀ ነጭ ነው፣ ቅቤ ያየ ጋቢ ዓይነት። ቀይ ደግሞ አለ፤ የመስኮቱና የበሩ ቅስት ቀላ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ላይ ደግሞ ይኸው ቀይ ድንጋይ ጌጥ ሆኖ ተቀርጿል።

ቤት ገብቼ ጥቁር ቡናማ፣ ክሬምና የሸክላ ቀይ ክር እኩል እኩል አድርጌ ቦርሳውን ሠራሁ። የእግር ኳስ ማሊያ ሆኖ ቁጭ አለ። ቀለሞቹ አንድም አልተሳሳቱም፤ ግን ግንቡ የለም። ተመልሼ ሄጄ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና በዓይኔ ግድግዳውን በአሥር ከፈልኩት። ሰባቱ ድንጋይ፣ ሁለቱ ኖራ፣ ቀዩ ከአንድም አይሞላም። ቀዩ የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፤ ግድግዳው በሚከፈትበት፣ ሰውና ብርሃን በሚገባበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። የእናቶቻችን ቀሚስ ጥልፉ የት ነው? አንገቱ ላይ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ፣ ታች ጠርዙ ላይ፤ ልብሱ በሚከፈትበት ሁሉ። ቦርሳውን እንደገና ሠራሁት፤ ሙሉው ጥቁር ቡናማ፣ ስፌቱ ክሬም፣ ቀዩ አፉና ኪሱ ዙሪያ ብቻ። እህቴ ካመጣችልኝ፣ ቀለሙ በቁጥር ከሚለየው የዲኤምሲ ፋብሪካ ክር፣ ለድንጋዩ 3371፣ ለኖራው 712፣ ለቅስቱ 355 ተጠቀምኩ። ክሩን የምታገኙ ከሆነ ቁጥሩን ያዙት፤ ካልሆነም ማንኛውም ጥቁር ቡናማ፣ ክሬምና የሸክላ ቀይ ያስኬዳል፤ ዋናው ሰባት፣ ሁለት፣ አንዱ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈች ናት፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። ስልክ ይዤ አልገባም። ፍላሽ ሥዕሉን ይጎዳል ይባላል፣ ስልክ በእጅ ሲሆን ደግሞ ዓይን ይሰንፋል። ደብተርና እርሳስ ይበቃኛል። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተደረደሩትን የመላእክት ፊት እዩ፤ ከመቶ በላይ ናቸው። ከታች ሆኖ የሚታየው ቀይ፣ ቢጫ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ ነው፤ ያን ሁሉ የሚይዘው ግን ጥቁሩ መስመር ነው። ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ ክንፉ በጥቁር ባይከበብ ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው በተፋጁ ነበር። እኔ ሰማያዊ ላይ ያበላሸሁትን ጥቁር እነዚያ ሠዓልያን ከቀይና ከቢጫ ጎን አድርገው አሳምረውታል። ደብተሬ ላይ «ጥቁር ከሞቃት ቀለም ጎን ይኖራል» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

የሥዕል አዋቂዎች የጎንደርን አሳሳል አንደኛና ሁለተኛ ብለው ይከፍሉታል። በአንደኛው ቀለሙ ድፍን ነው፣ ጀርባውም ፈዘዝ ያለ። በሁለተኛው ፊት ላይ ጥላ ይገባል፤ ጀርባውም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሻገራል። ለጥልፍ ሰው ይህ ሁለት ዓይነት ሥራ ነው። ድፍኑ ቀላል ነው። መሻገሩን በክር ለማምጣት ግን ክሩን መሰንጠቅ ያስፈልጋል። የጥልፍ ክር አንዱ ከስድስት ቀጫጭን ክር የተገመደ ነው። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ሥሩ፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ቢጫ፣ ቀጥሎ አንድ ቢጫና አንድ ብርቱካናማ በአንድ መርፌ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም ብርቱካናማ፣ ከዚያ አንድ ብርቱካናማና አንድ ቀይ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ቀይ። በሦስት ቱባ አምስት ቀለም አገኛችሁ ማለት ነው። ከቅርብ ስታዩት ዝብርቅርቅ ያለ ይመስላል፣ ክንድ ያህል አርቃችሁ ስትይዙት ይዋሃዳል።

አንድ ነገር ግን ልበል። ቀለሙን እወስዳለሁ እንጂ ሥዕሉን ትራስ ላይ አልጠልፍም። ሰው የሚቀመጥበት ነገር ላይ የመልአክ ፊት ጥለፊልኝ ያለችኝ ደንበኛ ነበረች፤ ሥራውን መለስኩላት።

ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ደግሞ መጀመሪያ የምቆመው በርበሬ ተራ ነው፣ ሳልገዛም ቢሆን። ዛላው፣ ዱቄቱና ድልሁ አንድ በርበሬ ሆነው ሦስት ቀይ ናቸው። ዛላው ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል፣ ዱቄቱ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፣ ድልሁ ረጥቦ ወደ ደም ቀለም ይጠጋል። ሦስቱን ቀይ አሰልፌ አንድ ጊዜ የትራስ ልብስ ሠርቻለሁ፤ ሌላ ቀለም አልገባበትም፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን የእርድ ቢጫ። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ ብዙ ሰው የጠየቀኝ እሱን ነው።

ሰፌድ የምትሰፋ ጎረቤት አለችኝ፤ እትዬ ነው የምላት። ሰፌድም ቀሚስም በአንድ ቃል ነው የሚሰፋው፤ እኔና እሷም በአንድ ሙያ ያለን ያህል እንጨዋወታለን። ቀለም የምትነክረው ስንደዶ ሦስት ዓይነት ቢሆን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ። እኔ ቤት የክር ሣጥን ሞልቶ ሥራው ሲዝረከረክብኝ እሷ በሦስት ቀለም መሶብ ታስውባለች። አንድ ቀን፣

«እትዬ፣ ቀለሙን የት ማቆም እንዳለብሽ በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እኔ ቀለም አልቆጥርም» አለችኝ፣ ወስፌዋን ሳታቆም። «ነጩን ነው የምቆጥር። ሦስት ዙር ነጭ ካልሄድኩ ቀለም አላስገባም።»

ነጭ የምትለው ያልተነከረውን የሣሩን የራሱን ቀለም ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ መነን ላይ ስጠልፍ መጀመሪያ የምወስነው ባዶ የሚቀረውን ቦታ ሆነ። ሞክሩት። ጥለቱን ከመሣላችሁ በፊት ምን ያህሉ ሳይነካ እንደሚቀር በጣታችሁ ለኩ።

ገበያው ውስጥ ሌላም ሀብት አለ፤ ዶሮ ተራ። ፈረንጅ ለቀለም ካርድ ያሳትማል፣ እኛ ዶሮ አለን። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ፤ እያንዳንዱ ስም አንድ ቀለም ሳይሆን የቀለም ጥምር ነው። ገብስማ ስትሉ ነጭ፣ አመድማና ጥቁር፣ ተሰበጣጥሮ፣ መጠኑ ጭምር በስሙ ውስጥ አለ። ለቆዳ ደግሞ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ እንላለን፤ ለከብት ዳለቻና ቡሬ፤ ለመነኩሴ ልብስ ወይባ። አንዲት ወጣት «ዘመናዊ ግሬይ» የሆነ ጥለት ያለው ነጠላ አዘዘችኝና የገብስማን ጥምር አሳየኋት። በጣም ወደደችው። ስሙን ስነግራት «የዶሮ ቀለም ልታለብሺኝ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ግን ወሰደችው።

ስለ ስልክ ትንሽ። ፒንተረስት ላይ የሚያምር ቀለም ሞልቷል፤ እኔም አያለሁ። ችግሩ የስልክ መስታወት ከጀርባው መብራት አለው፣ ክር የለውም። እዚያ የሚያበራው ብርቱካናማ ጨርቅ ላይ ሲመጣ ጭቃ ይሆናል። ስልኬን የምወደው ለሌላ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ያነሳሁትን ፎቶ ጥፍር እስኪያክል አሳንሼ አየዋለሁ፤ ዝርዝሩ ሲጠፋ ዋና ዋናዎቹ ቀለሞችና መጠናቸው ብቻ ይቀራሉ። ሁለተኛውን በራሴ ኪሳራ ነው የተማርኩት።

ለእህቴ ልጅ የዕንቁጣጣሽ ቀሚስ ሠራሁላት፤ ነጭ ላይ አደይ አበባ፣ በደማቅ ቢጫ። እጄ ላይ እያለ ደስ ይላል። ልጅቷ ለብሳው ከበር ስትገባ ግን አበባ የሚባል አልታየኝም፤ ሽሮ የተንጠባጠበባት ነው የመሰለችኝ። ቢጫና ነጭ ሁለቱም ብርሃናቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ከራቀ ዓይን አይለያቸውም። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ክሩን ጨርቁ ላይ አስቀምጣችሁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት። ክሩ ፎቶው ላይ ከጠፋ፣ ሰው ላይም ይጠፋል። መድኃኒቱን ያገኘሁት ከከተማ ወጣ ስል የኑግ ማሳ ውስጥ ነው። ጥቅምት ላይ የኑግ ቢጫ ከሩቅ የሚጣራው ብቻውን ስላልሆነ ነው፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ አለ። የልጅቷን አበቦች በጥቁር አረንጓዴ ክር ከበብኳቸው፤ ለገና ደረሰላት።

ነጭ ስል ደግሞ ነጭ አንድ አይደለም። ይህን ለማየት ጥር 11 ቀን የፋሲል መዋኛ ከመሄድ የተሻለ ነገር የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ነጭ ለብሶ አንድ ላይ ሲቆም በእጅ የተፈተለው ወደ ክሬም፣ የፋብሪካው ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ጎን ለጎን ይታያል። የካህናቱ ጥላ፣ ከፋዩና የወርቅ ዘርፉ ያን ያህል የሚደምቀው በነጭ ባሕር መሐል ጥቂት ስለሆነ ነው። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ይኸ ነው፤ ክሬም በሆነ ፈትል ላይ ሸክላማ ቀይ፣ ወይባ፣ ቡናማ ያምራሉ፤ የፋብሪካው ነጭ ላይ ግን የቆሸሹ ይመስላሉ። እሱ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ደማቅ ቀይ ይሻል። የፒያሳ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችንም ሰዎች ይነግሩኛል፤ ቢጫቸው ጥሩ ነው፣ ግን ቀለሙ በታደሰ ቁጥር ስለሚለወጥ አልተማመንበትም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ቀለም መረጥኩ ብዬ ቀጥታ ጨርቅ ላይ አልሄድም። የጫማ ካርቶን እቆርጥና፣ ስፋቱ ሁለት ጣት፣ ርዝመቱ ስንዝር፣ ክሩን በቆጠርኩት መጠን እጠመጥምበታለሁ። ሰባት ዙር ጥቁር ቡናማ፣ ሁለት ክሬም፣ አንድ ቀይ። ተራውን ሁለት ሦስት ጊዜ እቀያይራለሁ፤ ቀዩ ከክሬም ጎን ሲሆንና ከጥቁሩ ጎን ሲሆን ሌላ ቀለም ነው። ከዚያ ካርቶኑን ሱቅ ውስጥ፣ ደጅ በቀትር፣ ማታ በቤት መብራት አየዋለሁ። በሱቅ መብራት አንድ ዓይነት የመሰሉኝ ሁለት ቡናማዎች ደጅ ሲወጡ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጋሼ ጋ ስሄድ አሁን ክሩን ይዤ በር ላይ እወጣለሁ፤ ለምደውኛል።

ቀይ ክር ሁልጊዜ ጠርጥሩ። ያልሞከርኩት ቀይ አንድ የሰው ቀሚስ በመጀመሪያው እጥበት ሮዝ አድርጎብኝ የጨርቁን ዋጋ ከኪሴ ከፍያለሁ። ክንድ የሚያህል ቆርጣችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትታችሁ፣ ነጭ ጨርቅ መሐል አድርጋችሁ ጨምቁትና እስኪደርቅ ተዉት። ጨርቁ ላይ የቀለም ምልክት ከተወ ነጭ ላይ አታስጠጉት፤ ጥቁር ቡናማ ላይ ይሁን። ጥቁርና ደማቅ ወይን ጠጅም እንደዚያው ይሞከሩ።

ካርቶኑ ጀርባ ላይ ከየት እንዳየሁት፣ በስንት ሰዓት፣ ክሩን ከማን እንደገዛሁ እጽፋለሁ። ከሃያ በላይ ካርቶን አለኝ፤ መስኮቱ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ የኑጉ ነው፣ ጥቅምት የተጻፈበት፤ እስካሁን አልተሰፋም። አረንጓዴው አለ፣ ቢጫው የለም። ሦስት ቢጫ ጠምጥሜበታለሁ፤ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ እርድ፣ ሦስተኛው ሁለቱ በአንድ መርፌ የተቀላቀሉበት። የመጨረሻው ይጠጋል፣ ግን እሱ አይደለም። ቅዳሜ ካርቶኑን ይዤ እንደገና እሄዳለሁ።